የተኩላ ክልሶቹ መስክ

ያሰኔች፣ ማርች 14 ቀን 2010

ይክበር ይመስገን ኢየሱስ ክርስቶስ።

ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ ለሜቶድ፣ ከባለቤትህ ከካሮል ጋር እንደምን ከረማችሁ? ወረቀቴ ካናዳ ሲደርስ ሁለታችሁንም በደህና ያግኝልኝ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሸለቆው ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ ታውቃለህ። ለመደወል አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መውረድ አለብኝ፣ እዚያ ደግሞ የያሰኔች መንደር በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ልጻፍልህ።

በረዶው ዘንድሮ አልለቅ ብሎን ሰነበተ። ሲለቅ ደግሞ የአጥሩን ሦስት ምሰሶ ይዞ ወረደ። ካሚል፣ ያ ከገበያ አጥንትና ሳንባ የሚያመጣልን ሥጋ ሻጭ፣ ከወንድሙ ጋር መጥቶ እሑድን ሙሉ ሲቆፍር ዋለ። አጥሩ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ከሥሩም ሽቦ የተቀበረለት ካልሆነ እነዚህን ፍጥረቶች አያቆማቸውም። ወይ ይዘሉታል ወይ በሥሩ ይወጣሉ። ተራ ውሻ በሩን ሲያይ የተኩላና የውሻ ክልስ ማጠፊያውን ነው የሚያየው።

አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። የመጨረሻዋ ሩና ትባላለች። ብራቲስላቫ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም ተኩላ ትመስላለች ብሎ ገዛትና አፓርታማ ውስጥ አስቀመጣት። በሩንና ሶፋውን ስትበላበት ምድር ቤት አውርዶ ስምንት ወር አሰራት። ሰው ከኋላዋ እንዲቆም አትፈልግም። ፊት ለፊቷ ግን ምንም አታደርግም፣ ታይሃለች ብቻ። ቪዬራ፣ ጡረታ የወጣችው የሒሳብ አስተማሪ፣ በየቅዳሜው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እየመጣች እሷን ለማላመድ ትሞክራለች። እዚህ ደመወዝ የሚከፈለው አንድም ሰው የለም። የሚመጣው ሁሉ ወዶ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ቢሮ እንደኛ ያለ መጠለያ ሁሉ ይመዝገብ ብሏል። ለመመዝገብ ደግሞ የመሬቱ ባለቤቶች ሁሉ መስማማታቸውን በጽሑፍ ማሳየት አለባቸው። መስኩ የአያታችን ነው። ግማሹ በእናቴ በኩል የኔ፣ ግማሹ በአባትህ በኩል ያንተ። የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። እስከሚመጣው ዓመት ጁን ድረስ ጊዜ ሰጥተውኛል። ካልተመዘገብን ይዘጋል።

አባትህ ጋሼ ኤሚል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከድንበር ጥበቃው ተሰናብቶ እነዚያን ሁለት ያረጁ ውሾች እንዳይረሸኑበት ይዟቸው ሲመጣ፣ ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።

የቅዱስ ዮሴፍ በዓል በደህና ይዋልላችሁ።

እህትህ ኦቲሊያ


ሃሚልተን፣ ጁላይ 2 ቀን 2010

ለዘለዓለም ይክበር፣ አሜን።

ለውድ እትዬ ኦቲሊያ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? አራት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ አትቀየሚኝ። በጋ ሲሆን ጣሪያ ሠሪ እንቅልፍ የለውም። ካሮል ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች።

ፊርማው ችግር የለውም። ነገር ግን የአያታችን መሬት እሳቸው ከሞቱ ጊዜ ጀምሮ በደንብ ተስተካክሎ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር በአንድ ላይ ብናስተካክለው ይሻላል። በወረዳው ከተማ ያለ አንድ ጠበቃ በሰው በሰው አግኝቻለሁ። እሱ ደግሞ ስለ መስኩ ማወቅ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ መኪና ያስገባል? ምንጩ ዛሬም በበጋ ይፈሳል? መብራት ደርሷል? የላይኛው ዳገት ከጫካው ጫፍ በምን ያህል ይርቃል? በረዶውስ እዚያ እስከ ስንት ወር ይቆያል?

ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። መስኩን ብቻ ይሁን።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ።

ሜቶድ


ያሰኔች፣ ጁላይ 25 ቀን 2010

ይክበር ይመስገን።

ሜቶድ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳገኝ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስለ መስኩ መጠየቅህ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ምንጩ ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር። ይፈሳል። በበጋም አይደርቅም። መንገዱ የካሚልን የጭነት መኪና ያስገባል፣ ዝናብ ከዘነበ ግን ጭቃው ይይዛታል። መብራት ባለፈው ዓመት እስከ ታችኛው በር ደርሷል። የላይኛው ዳገት ከጫካው ጋር የተያያዘ ነው፣ በረዶውም እዚያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ አይለቅም። አንተ ልጅ ሳለህ በማዳበሪያ ከረጢት የምትንሸራተትበት እሱ ነው።

ፎቶዎቹን ልኬልሃለሁ። መስኩን ብቻ ብለሃል፣ ግን ካሜራ ሲያዩ ዞር አይሉም፣ ስለዚህ በሁሉም ላይ ገብተዋል። ይቅርታ አድርግልን። ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው ሩና ናት።

ስለ እሷ የግድ ልንገርህ። ቪዬራ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታት ሣሩ ላይ ተቀምጣ የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት ስትሞላ ዋለች። አንድ ቃል አላናገረቻትም፣ ቁራጭ ሥጋም አልሰጠቻትም። እኔ ከጎጆው ሆኜ ሳያት፣ ይቺ ሴትዮ የኔን ጊዜ ነው የምታባክነው እያልኩ አማኋት። በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ሩና ተነሥታ ሄዳ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ አስቀመጠች። ቪዬራ አልዞረችም። በእጇ ብቻ ነይ አለችኝና በሹክሹክታ፣ "አምስት ፊደል ያለው የሃንጋሪ ወንዝ ማን ይባላል?" አለችኝ። እንባዋ እየወረደ ነው እንዲህ የምትለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ውሾቹ አንድም ቀን አንሥተህ አታውቅም። አትወዳቸውም እንዴ? ልጅ ሳለህ ጋሼ ኤሚል የሚያመጣቸውን ቡችሎች ብብትህ ውስጥ ከትተህ ነበር የምትዞረው። እናትህ ሹራብህን ስታጥብ ጸጉር ብቻ ነው እያለች ታማርር ነበር።

የስምምነቱን ወረቀት አደራ።

ኦቲሊያ


ሃሚልተን፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2010

ለተከበሩ እትዬ ኦቲሊያ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው እዚያ ባለው ሹም ፊት ይፈርሙና ማህተም ያስመቱበት፣ ከዚያ በጠበቃው አድራሻ ይላኩት። የመሬቱን ምዝገባ የሚመለከት ነው። የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አሳጥሬ የጻፍኩት። ጤና ይስጥልኝ።

ሜቶድ


ያሰኔች፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2010

ይክበር ይመስገን።

ወንድሜ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትለኝ? አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ! ካናዳ ጨዋ አድርጎሃል ወይስ እኔ አርጅቻለሁ? ካሚልም ሲሰማ፣ ሚኒስትር ሆነሽ ነው እንዴ እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

ወረቀቱን ፈርሜ ልኬያለሁ። ማዘጋጃ ቤት ማህተሙን የያዘችው ሄድቪጋ ናት፣ አብራኝ የተማረችው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችውና መነጽሯን አወለቀች።

"አንብበሽዋል?" አለችኝ።

"የወንድሜ ነው" አልኳት።

"የማን ነው አላልኩሽም። አንብበሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ሄድቪጋ፣ ውጭ ቆመው የሚጠብቁኝ ሁለት ውሾች አሉ። ማህተምሽን ምቺ" አልኳት። መታችልኝ። የሕግ ቋንቋ መሆኑን አይቼ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለተኛውን መስመር አላለፍኩም።

የሙታን መታሰቢያ ዕለት በአባትህ መቃብር ላይ ሁለት ሻማ አበራሁ፣ አንዱን ባንተ ስም። የአሎይዝ እናትም እዚያ ነበሩ። ያ አብሮህ ያደገው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አሎይዝ ትዝ ይልሃል? እስር ቤት ሳለ በሳንባ ምች የሞተው። በባዶው መቃብር ላይ ሻማ አብርተው ቆመው ነበር፣ ሬሳውን ስላልሰጧቸው። ያንተን ነገር ጠየቁኝ። ደህና ነው፣ ጣሪያ ይሠራል አልኳቸው።

አሁን የስምምነቱን ወረቀት ላክልኝ። ያኛውን ሳይሆን የኔን።

ኦቲሊያ


ያሰኔች፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2011

ይክበር ይመስገን።

ሜቶድ፣ ገና አለፈ፣ አዲስ ዓመት አለፈ፣ አንተ የለህም። የገናውን ቂጣ በፖስታ ልኬልህ ነበር። ተሰባብሮ ይሆናል የደረሰህ፣ ግን ደርሶሃል ብዬ አምናለሁ። ታመህ ይሆን? ካሮልም ብትሆን በቋንቋዋ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት እግር ያለው መለኪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ላይኛው ዳገት ላይ ቆመው ሲለኩ ዋሉ። ካሚል ሄዶ ምን ትሠራላችሁ አላቸው። ለካርታ ነው አሉት። ውሾቹ ቀኑን ሙሉ አጥሩን ሲመላለሱበት ዋሉ። ቪዬራ የመሬት ምዝገባው እንዲህ ነው፣ ወንድምሽ ሥራውን እየሠራ ነው አለችኝ። ከሱ በኋላ ልቤ አረፈ።

የቢሮው ቀጠሮ ጁን ነው። አራት ወር ቀረው።

ኦቲሊያ


ያሰኔች፣ ሜይ 6 ቀን 2011

ሜቶድ፣

ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ። ላይኛው ዳገት ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ልሥራ ከሚል ኩባንያ ነው። የመስኩ ግማሽ የኛ ነው፣ ለመጠለያው አንስማማም፣ አጥሩን አንሡ ይላል።

ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። የፈረምኩትን ወረቀት አምጣ አልኩት። አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እኔ ኦቲሊያ የአጎቴ ልጅ ድርሻውን ለመሸጥ ማሰቡ ተነግሮኛል፣ ቀድሜ የመግዛት መብት እንዳለኝ አውቃለሁ፣ መግዛት አልፈልግም ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። የሄድቪጋ ማህተምም አለ።

አልተነገረኝም። ቢነገረኝ እገዛው ነበር። ቪዬራ፣ ካሚል፣ በጋ በጋ የሚመጡት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ ሁላችንም ተረባርበን እንገዛው ነበር። ይህን አንተም ታውቃለህ።

ጠበቃው አሳስቶህ ነው በለኝ። ሌላ ወረቀት ልልክ ስል ተሳሳትኩ በለኝ። የምትለኝን አምናለሁ።

ኦቲሊያ


ሃሚልተን፣ ጁን 20 ቀን 2011

እትዬ ኦቲሊያ፣

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም። ቢሆንም እንደምን ነዎት?

ስህተት አይደለም። ወረቀቱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠበቃው አስቀድመው ይንገሯቸው ብሎኝ ነበር፣ ነግሬያታለሁ ብዬ ዋሸሁት። አንቱ ማለት የጀመርኩትም ያን ጊዜ ነው። አንቺ እያልኩ ያን ወረቀት ልልክ አልቻልኩም።

ለገንዘብ ብሎ ነው እንዳይሉ። ለገንዘብ ቢሆን ለእርስዎ እሸጥልዎ ነበር። ያሉት ልክ ነው፣ ተረባርባችሁ ትገዙት ነበር። ከገዛችሁት ደግሞ ውሾቹ እዚያ ይቆያሉ። እኔ እንዲቆዩ አልፈለግሁም። ይኸው ነው።

አሎይዝ በሳንባ ምች አልሞተም። እስር ቤትም አልደረሰም።

በ1986 ኦክቶበር ወደ ኦስትሪያ ልናመልጥ ሞራቫ ወንዝ ላይ አብረን ነበርን። በዩጎዝላቪያ በኩል ነው የወጣሁት ብዬ ለሁላችሁም የጻፍኩት ውሸት ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ገና ዕለት የፕለም አረቄ ጠጥቶ ጥበቃው የሚሳሳበትን ቦታ ሲያወራ ሰምቼው ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ በጭጋግ፣ ሸምበቆው ውስጥ ገባን። እኔ ዋና ስለምችል ቀደምኩ። አሎይዝ ገና ከሸምበቆው አልወጣም። ውሾቹ ሲመጡ ድምፅ አልነበራቸውም። አባቴ የሚኮራበት ይህንን ነበር። ሌላው ውሻ ይጮኻል፣ የተኩላ ክልስ ግን ሳይሰማ ይደርሳል ይል ነበር።

ወንዙ መሃል ደርሼ ነበር። አሎይዝ ስሜን ጠራ። አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጠራኝ። እኔ ዋኘሁ። ኦስትሪያ በኩል ስወጣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ሳነሣ ዝም ብሏል።

የውሾቹን ገመድ የያዘው አባቴ ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም። ጭጋግ ነበር። ያን ቀን ተረኛ እንደነበረ ግን አውቃለሁ።

ከ1991 ጀምሮ በሚጽፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ውሾች አሉ። ስማቸው፣ የሚበሉት፣ የትኛው የማንን ትከሻ እንደተደገፈ። ካሮል ተርጉሜ ስነግራት እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ትላለች። እኔ ተነሥቼ ጋራዥ እገባለሁ። አይጻፉልኝ እንዳልል የምወደው ዘመድ ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ምክንያቱን ሳልነግርዎ የኖርኩትም ለዚሁ ነው።

አሁን ነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ አልልም።

ሜቶድ


ያሰኔች፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2011

ለአቶ ሜቶድ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ወር ያቆየሁት ሥራ ስለነበረብኝ ነው። የሠራሁትን ልንገርዎ።

ፈቃዱ ስላልተሟላ ቢሮው መጠለያውን ዘጋው። አምስቱን ሞራቪያ ያለ መጠለያ ወሰደልን። ቪዬራና ተማሪዎቹ በሁለት መኪና አደረሷቸው። ሁለቱን ካሚል ግቢው ውስጥ አስገባ። ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር፣ አሁን ተመልሳለች። አንዱን ከተማሪዎቹ አንዷ ወሰደችው። አሥራ አንድ ነበሩ፣ ሦስት ቀሩ።

ሁለቱ ያረጁ ናቸው፣ የሚወስዳቸው አልተገኘም። ሦስተኛዋ ሩና ናት። ቪዬራ ልትወስዳት የአፓርታማዋን ውል አፍርሳ በመንደሩ ዳር ቤት ተከራይታ ነበር። ኦገስት ላይ የኩባንያው ሠራተኞች አጥሩን ሊነቅሉ ሲመጡ አንዱ ከሩና በስተኋላ መጣ። ከኋላዋ አትምጣ ብዬ ጮኼ ነበር፣ ማሽኑ ድምፄን ዋጠው። ክንዱን ያዘችው። ሰውዬው ተርፏል፣ አሥራ ሰባት ስፌት ነው። እሷ ግን ትገደል ተባለች።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን ይዞ መጣ። ሦስቱንም ጭንቅላታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሩናን ቪዬራ ትያዝ ብያት ነበር፣ ልትይዛትም መጥታ ነበር። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፣ አልገባችም። ሲያልቅ እንደማታውቀው ሰው እጄን ጨብጣኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የተከራየችው ቤት ባዶውን ነው።

እርስዎ ወንዙ ላይ ሳሉ ሩና አልተወለደችም ነበር። እናቷም አልተወለደችም። ይህን ያውቁታል፣ ዝም ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ጋሼ ኤሚል ደግሞ ይህን ልንገርዎ። እሱ ይሁን ሌላ እኔም አላውቅም። አለማወቄ ግን የርስዎን ዓይነት አይደለም። እነዚያን ሁለት ውሾች ይዞ ከመጣ በኋላ ስምንት ዓመት እኔ ነኝ ያበሰልኩለት። ከውሾቹ አንዱን ሰው እንዲነካው አይፈቅድም ነበር፣ ልጆች ሲቀርቡት በድንጋይ ያባርራቸዋል። ማታ ሳይሆን ሁልጊዜ ምሳ ላይ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ "ኦቲልካ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ብላ፣ ሾርባህ ይቀዘቅዛል" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኩት። ሊነግረኝ የፈለገው ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ብሰማው ውሾቹን እንደዚያ መውደድ እንደማልችል ገብቶኝ ነበር። ሳልሰማው ሞተ።

ስለዚህ እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልዎት።

የአሎይዝ እናት በሕይወት አሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ከኋላዬ ነው የሚሰለፉት። ሃያ አምስት ዓመት ለመቃብሩ ሻማ ሲያበሩ ኖረዋል፣ እርስዎ አንድ መስመር አልጻፉላቸውም። እኔ እሄዳለሁ።

ኦቲሊያ


ሃሚልተን፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2013

ይክበር ይመስገን ኢየሱስ ክርስቶስ።

ለውድ እትዬ ኦቲሊያ፣

ከአንቺ ደብዳቤ ካገኘሁ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ካሮል ባለፈው ኖቬምበር አረፈች። እኔም ከጣሪያ ወድቄ ዳሌዬ ስለተሰበረ ሥራ አቁሜያለሁ። ቤቱ ትልቅ ሆነብኝ።

የሄድቪጋ የወንድም ልጅ በኢንተርኔት አገኘኝ። ኩባንያው ከስሮ ፈረሰ አለኝ። ዳገቱ ላይ አራት የብረት ምሰሶ ተክለው ትተውት ሄዱ፣ መስኩን ሳማ ወርሶታል፣ ማንም አይገባበትም አለኝ። ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ደስ ያለኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

እትዬ፣ መልሰን ልንገዛው አንችልም? ይህን ቤት እሸጣለሁ። አጥሩን በገዛ እጄ እሠራዋለሁ፣ ቆሜ መሥራት ባልችል ተቀምጬ። እንደገና ጀምሪ። ቪዬራን ለምኚያት፣ ካሚልን ለምኚው፣ እኔም መጥቼ እለምናቸዋለሁ። ውሾቹን አያቸዋለሁ። መልመድ እችል ይሆናል።

የአሎይዝን እናት ማግኘት እፈልጋለሁ። ፊታቸው ቆሜ ልንገራቸው።

ሜይ 20 ሰኞ እደርሳለሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብትጠብቂኝ፣ ለጥቂት ቀን የሚያሳርፈኝ ክፍል ቢኖርሽ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ ሜቶድ


ያሰኔች፣ ሜይ 3 ቀን 2013

ለአቶ ሜቶድ፣

በባለቤትዎ ዕረፍት አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ነፍሷን ያሳርፍ።

የተነገረዎት እውነት ነው። ግማሹ መስክ አሁን የባለዕዳ ንብረት ተብሎ በፍርድ ቤት ታግዷል። ዓመታት ይወስዳል አሉ። የኔ ግማሽ የኔ ነው፣ ግን የትኛው ግማሽ እንደሆነ መሬቱ ላይ መስመር የለም። ምሰሶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ቁራ ሠፍሮባቸዋል።

እንደገና ጀምሪ ለሚሉት፣ ካሚልን አልለምነውም። ሁለቱን ውሾች እስካሁን ይዟቸዋል፣ ከሱ በላይ አልጠይቀውም። ቪዬራን ሄጄ ነበር፣ ባለፈው ኦክቶበር። ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ። ስለ እህቷ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጋዜጣው አወራን። ልወጣ ስል "የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚኖር መስሎኝ ነበር የምመጣው" አለችኝ። ይህንን አጥር ሠርተው የሚመልሱት ነገር አይደለም። እኔ አሁን ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። ከቀትር በኋላ ነፃ ነኝ።

የአሎይዝ እናት በፌብሩዋሪ አረፉ። ፊታቸው ሊቆሙ አይችሉም። ግን ሳይሰሙ አልሞቱም። ያን ጊዜ እሄዳለሁ ብዬዎት ነበር፣ ሄጃለሁ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠን ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስለ አባትዎና ስለ ገመዱ የጻፉትንም አነበብኩ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እየሰሙኝ ነበር፣ አላለቀሱም።

"ስሙን ነው የጠራው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አልኳቸው። "ሜቶድን።"

"ብዙ ጊዜ?"

"ብዙ ጊዜ ይላል።"

"እኔንስ አልጠራም?"

ደብዳቤውን መልሼ አየሁት። እንዳለ ያህል ፈለግኩላቸው። የለም። የለም አልኳቸው። ቀና ብለው ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አዩና ተነሥተው አማሰሉት። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤት ስንገናኝ ሰላም ይሉኝ ነበር፣ ስለዚያ ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ አላነሡም።

ክፍል አለ። የጋሼ ኤሚል ነበር። አልጋውን አነጥፋለሁ፣ በሩም አይቆለፍም። አውቶቡሱ ከወረዳው ከተማ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ የጠዋቱ ይሻልዎታል። ማቆሚያው ላይ የሚጠብቅዎ ሰው አይኖርም። ከማቆሚያው እስከ ቤቱ ድረስ በመቃብሩ በኩል ማለፍ አለብዎ። የአሎይዝን ቀስ ብለው ካዩ ያገኙታል፣ ከእናቱ በስተግራ ነው፣ ዛሬም ባዶ ነው።

ኦቲሊያ